ገንዳው አጠገብ ያነበበችው ልጅ

አንድ ሰው ነበረ። ከብት አርቢ ነው፤ ባለጠጋ ነው፤ ፊደል ግን አልቆጠረም። የእርሱን ነገር የምነግርሽ፣ «ሕፃናቱ ገጹን በቃላቸው ይዘው ለወላጆች ቀን ቢያነቡ ምን ይጎዳል?» ብለሽ ስለ ጠየቅሽኝ ነው፤ አንቺ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነሽና።

ሰውየው አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። መዋዕለ ሕፃናት ባስገባት በጥቂት ወራት መምህሩን ይነዘንዘው ጀመር። «የጎረቤቴ ልጅ አነበበ ይባላል። የእኔዋ ምን ሆነች?» ይለዋል። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ፊደልን አንድ በአንድ፣ ድምፁን ከመልኩ እያገናኙ ማስተማር ጊዜ ይፈጃል፤ ንዝንዝ ደግሞ ያደክማል። ስለዚህ አንድ ገጽ መረጠና ልጆቹን ከጧት እስከ ምሳ በዜማ አስባላቸው። በእጃቸው የሣር ስንጥር አስያዛቸው፤ እርሱን እየተከተሉ ሲሉ ስንጥሩን ከመስመር ወደ መስመር አስኬዱት።

የወላጆች ቀን ደረሰ። የባለጠጋው ልጅ ቆማ አነበበች። እልልታው ድምፅዋን ስለዋጠው አባትየው ያየው ስንጥሩን ብቻ ነበር፤ ስንጥሩ ግን ሳይደናቀፍ ሄደ። ሰውየው አለቀሰ። «ከእንግዲህ ማንም አያታልለኝም፤ ዓይን ወልጃለሁ» አለ።

ድርቅ በመጣ ጊዜ ያሉትን ከብቶች በሙሉ ነድቶ ሣር ፍለጋ ወጣ። ዓይኑ ናትና ልጁንም በበቅሎ ይዟት ሄደ። ከብቶቹ ውሃ ጠምቷቸው ምላሳቸው ተጎልጉሎ ሳለ መንገድ ዳር አዲስ የሲሚንቶ ገንዳ አገኙ። እስከ አፉ ሞልቷል። አጠገቡ የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል። አንዲት መንገደኛ ሴት ከወዲያ ጥላ ሥር አርፋ ነበር።

«ወንድሜ፣ ቆይ እንጂ» አለችው። «እኔ ማንበብ አላውቅም፤ ሽታው ግን አላማረኝም። የገንዳው ጠባቂ እስኪመጣ፣ ወይ የሚያነብ ሰው እስኪያልፍ ታገሥ።»

«የሚያነብ ሰው?» ብሎ ሳቀ። «ይቺ በቅሎ ላይ ያለችው የጨው ጭነት መሰለችሽ?»

ልጁን አወረዳት። እርሷም እንደ ተማረችው ከመሬት ስንጥር አነሣች፤ ሰሌዳው ላይ አሳረፈችው፤ ጥርት ባለ ድምፅም አነበበች።

«ውሃው መጣ። ላሟ ጠጣች። ጥጃውም ጠጣ።»

«ሰማሽ?» አላት ሴትየዋን፤ ከብቶቹንም ለቀቃቸው።

እርሱ ለልጁ በእፍኙ ቀድቶ ወደ አፏ ሲያስጠጋ ፊተኛዋ ላም ተንቀጠቀጠች። አረፋ ደፈቀች፤ በጉልበቷ ወደቀች። ሁለተኛዋ ተከተለች፤ ከዚያ ሦስቱ ባንድ ጊዜ። ሰውየው እፍኙን በተነው። ጠባቂው ከማዶ እየጮኸ ሲሮጥ መጣ።

«አንተ ሰውዬ! ሰሌዳውን ለጌጥ ያቆምነው መሰለህ? ከብት የሚታጠብበት የመዥገር መድኃኒት ነው! አይጠጣም ይላል፣ አይጠጣም!»

አባትየው ወደ ልጁ ዞረ። «አንብቢው» አላት።

ልጅቷ በሚሞቱት ከብቶች መካከል ቆማ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ስንጥሩን አሳረፈች። «ውሃው መጣ። ላሟ ጠጣች። ጥጃውም ጠጣ።»

ክንዷን ይዞ ወደ ጠባቂው ኮት አዞራት። ደረቱ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተጽፏል። «ይህንንስ?»

ስንጥሩን ጠባቂው ደረት ላይ አደረገች። «ውሃው መጣ። ላሟ ጠጣች...»

አባትየው ዱላውን አነሣ። መንገደኛዋ ሴት ዘላ ያዘችው። ልጅቷ አልሸሸችም፤ ጥፋቷ ምን እንደ ሆነ አልገባትም።

«አባባ፣ አልተሳሳትኩም እኮ» አለች። «አንድም አልዘለልኩም።»

ዱላው ከእጁ ወደቀ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ያቺ ልጅ አልዋሸችም። ማንበብ ማለት ይኸው ነው ተብላለች፤ የተባለችውን አደረገች። ፊደል ያልቆጠረች ብትሆን ኖሮ «አላውቅም» ትል ነበር፤ አባቷም ሳይወድ በግዱ ይጠብቅ ነበር። መምህሩ ከአፏ የነጠቃት ይህን አንድ ቃል ነው። በምትኩ እልልታ ሰጣት። በዚያ እልልታ ያደጉ ትልልቅ ሰዎችም አይቻለሁ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መነጽር ሰክተው፣ የማያውቁትን ሰሌዳ ለአገር ሲያነቡ።

ገንዳው ያንቺ ክፍል ነው፣ ልጄ። ሕፃናቱ ጠምቷቸው ይመጣሉ፤ የሞላሽላቸውን ሁሉ ይጠጣሉ። ሰሌዳውን አንብበው ሊጠነቀቁሽ አይችሉም፤ ማንበብ ፈልገው አይደል ወዳንቺ የመጡት?

ስለዚህ ለወላጆች ቀን አንድ ፊደል ብቻ የምታውቅ ልጅ አቁሚ። ያን ፊደል ከግድግዳም ከመጽሐፍም ከጆንያም ላይ ትለየው። ሌላውን ስትጠየቅ በሙሉ አፏ «ገና አልተማርኩም» ትበል። እልልታ አይኖርም።

አይኑር።