ያልተገለበጠው ፊደል

አንድ ሰው ነበረ፤ ሚስቱ ሞታ ከዕቃዋ ላፕቶፗ ብቻ ተርፎለት ነበር። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ ልጄ፤ መጀመሪያ ግን የዚህን ሰውዬ ጉድ ልንገርሽ።

ሚስትየዋ ልጆቿን እሹሩሩ ስትል ከራሷ የምትፈጥራቸውን ግጥሞች በዚያ ላፕቶፕ ትጽፋቸው ነበር። ጽፋ ስትጨርስ ታነብለታለች፤ እሱ ደግሞ ዜናውን እያየ «እህ፣ እህ» ይላታል። ካለፈች በኋላ ግን ዜናው ሁሉ ገደል ይግባ፣ አንዲት ስንኝ ብቻ በሰማሁ ይል ጀመር። ግጥሞቹን ለመክፈት ደግሞ ሆዱ አልቻለም። ሐዘኑ ትንሽ ይብረድልኝ እያለ አቆያቸው።

ላፕቶፑ እያደር ደከመ፤ በየመሃሉ ይደርቃል። የሚጠግን ሰው አየውና «ፎርማት ተደርጎ ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫን። ሁሉም ስለሚጠፋ የምትፈልገውን አስቀድመህ ገልብጥ» አለው። በጥንቃቄ ሰውየው አይታማም። ፎቶዎቿንና ግጥሞቿን በሙሉ ወደ ሃርድ ዲስክ ገለበጠ፤ ይህም ቢበላሽስ ብሎ ወደ ሌላ ደገመው። መብራት ቢጠፋስ ብሎ ባትሪው እስኪሞላ ጠበቀ። ፕሮግራሞቹን ግን ከየትም ይገኛሉ ብሎ ናቃቸው። ከዚያ ሁሉንም አጠፋው።

ላፕቶፑ እንደ አዲስ ሆነ። ሰውየው ዛሬስ እሰማታለሁ ብሎ ግጥሞቿን ከፈተ። ገጹ ሙሉ ነው፤ አንድም የአማርኛ ፊደል ግን የለበትም። የተሰባበረ ምልክት፣ ነጥብና ጭረት ብቻ። ሚስቱ የጻፈችው ዱሮ በነበረ የአማርኛ መጻፊያ ነበር፤ መጻፊያው ከነፊደሉ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ጽሑፉ አይነበብም። እሱም ከሌላው ጋር አብሮ ጠፍቷል። ስንኙ የት እንደሚያልቅ ከመስመሩ ርዝመት ይታየዋል፤ ምን እንደሚል አያውቅም። ናፍቆት እንዲህ ሲሆን ይከፋል። በቀብሯ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም።

የሚጠግነውም ሰው ፊደሉን ፈልጎ አጣው። በመጨረሻ ባልየው አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ሚስቱን መጻፍ ያስተማረቻት፣ ያንን መጻፊያም የጫነችላት ታላቅ እህቷ ነበረች። ከሐዘኑ ወዲህ ደጇን አልረገጠም። ተጣልተው አይደለም፤ ድምጿ ቁርጥ የሚስቱ ስለሆነ ሸሽቷት ነው። አሁን ግን ሃርድ ዲስኩን በጉያው ይዞ ሄደ።

«እትዬ፣ ጠፋሁብዎት» አለ በር ላይ ቆሞ።

«ጠፍተሃል እንጂ። በል ግባ» አለችው።

አሮጌ ኮምፒውተሯን ከተሸፈነበት ጨርቅ ገልጣ አስነሳችው። ሃርድ ዲስኩን ሰክታ ስትከፍተው ያ ምልክት ሁሉ ፊደል ሆኖ ወጣ። ሰውየው ማንበብ ሲጀምር እንባ አላስነበበው አለ፤ ስለዚህ እሷ፣ ሲሸሸው በኖረው ድምፅ፣ አነበበችለት። አንዷ ግጥም ላይ ስትደርስ ቆም አለችና «ይቺን እንኳ እኔን ልትሰድብ ነው የጻፈቻት» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በስሟ ሲሳቅ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ አንቺ፣ «የእናቴን ቤት እንደነበረ ጠብቄዋለሁ፣ ነጠላዋ እንኳ ከተሰቀለበት አልወረደም፤ ታዲያ ስገባ ለምን አጣታለሁ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዕቃዋን አንድ ሳታስቀሪ ገልብጠሻል ልጄ። ዕቃ ግን ራሱን አያነብም። የሚያነቡልሽ አብረዋት የሳቁት፣ የተጣሏትና የታረቋት ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ወሬያቸው ያስለቅሰኛል ብለሽ ከበር መልሰሻቸዋል። ሂጂና አክስትሽን ይዘሻቸው ግቢ። ነጠላው ስር ይቀመጡና ያውሩልሽ፣ አልቅሺም። ቶሎ በይ ብቻ፤ አክስትሽም አርጅተዋል።