ደጅ ላይ ያልጠፋ ሞተር

አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ስሙ አቶ ሞላልኝ ይባላል። የሚኖርባት ከተማ ኮረብታ ላይ የተሠራች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ናት። አቶ ሞላልኝ አንዲት ያረጀች መኪና ነበረችው። ቀለሟ ወደ ቡናማ ያደላ ቀይ ስለሆነ እንደ ፈረስ “ዳማ” ብሎ ስም አውጥቶላታል።

ዳማ ከእርጅናዋ ሌላ አንድ ሕመም ነበረባት፤ ሞተሪኖዋ ሞቷል። ሞተሪኖ ማለት ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ዕቃ ነው። እሱ ከሌለ መኪና የሚነሳው ወይ ሰው ገፍቶት ወይ ቁልቁለት ረድቶት ነው። አቶ ሞላልኝ ደግሞ ሰውን “ግፉልኝ” ብሎ መለመን ሞቱ ነው። ስለዚህ ቁልቁለትን መረጠ። የትም ቢሄድ የዳማን አፍንጫ ወደ ታች አድርጎ ያቆማል፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ያስገባል። መሄድ ሲፈልግ ድንጋዩን አንስቶ ከኋላ ወንበር ሥር ያስቀምጣል፣ የእጅ ፍሬኑን ይለቃል፤ መኪናዋ መንደርደር ስትጀምር ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቀው ዳማ አንዴ ትንገጫገጭና ትነሳለች። ድንጋዩ የራሱ ነው፤ የሰው ድንጋይ አይጠቀምም።

ታዲያ ለምን አላሠራትም? ሚስቱ ወይዘሮ ስንዱ “ኧረ ይቺን ነገር አሠራት” ስትለው “ልሸጣት አይደል እንዴ! ለምትሸጥ መኪና ምን አደከመኝ” ይላል። ወዳጆቹ “እንግዲያው ሽጣትና ሌላ ግዛ” ሲሉት ደግሞ “ምን ሆነች? ስትሄድ አይደል የምታዩዋት!” ብሎ ይቆጣል። ሊሸጣት ስለሆነ አያሠራትም፤ ስለምትሄድ አይሸጣትም። በዚህ ዓይነት ዓመታት ነጎዱ።

ሰውየው አላስተዋለውም እንጂ በነዚያ ዓመታት ሜዳ የሆነ ቦታ ሁሉ ከሕይወቱ ወጥቷል። አዲሱ ገበያ ሲከፈት ጥሩ ሱቅ ተገኝቶለት ነበር፤ ቦታው ለጥ ያለ ነው ብሎ ተወው። ለሰው የነገረው ግን “ገበያው አይደራም” ብሎ ነው፤ ገበያው ደራ። ከልጅነቱ የሚሳለምበትን ደብር ትቶ ዳገቱ ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመረ። ሠርግ ሲጠራ የሚቀመጠው መኪናው በምትታይበት በኩል ነው፤ አንዱ መጥቶ ከፊቷ ካቆመ የሚንደረደርበት ቦታ አያገኝማ! ሙሽራው ሳይገባ ተነስቶ የወጣበት ጊዜ አለ። የሰፈሩ ሰው ይህን አይቶ “ሞላልኝ ቁልቁለት” የሚል ስም አወጣለት። እሱም ሲሰማ ይስቃል፤ ቀልዱ የመኪናዋ ይመስለዋል።

ሜዳ ላይ ከቀሩት ሁሉ ግን አንድ የማይተካ ሰው ነበር። ታላቅ እህቱ ወይዘሮ ዘርፌ የምትኖረው ከኮረብታው ወዲያ፣ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ሜዳ ላይ ባለች ከተማ ነው። እናታቸው ስትሞት ሞላልኝ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ስለነበር አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እሱ እስከ ዛሬ “እታለም” ነው የሚላት። እወዳታለሁ ይላል፤ ደግሞም ይወዳታል። ነገር ግን ሄዶ ካያት ብዙ ዘመን ሆኖታል። አውቶብስ እንዳይሳፈር “መኪናውን ሸጦ ነው እንዴ? ከሰረ እንዴ?” እንዳይሉት ይፈራል። በመኪናው እንዳይሄድ ሜዳ ነው። ስለዚህ በስልክ “የመኪናውን ነገር ልወስንና እመጣለሁ” ይላታል።

አንድ ቀን እሷው ደወለች።

“ሞላልኝ፣ ዓይኔ እየደከመ ነው። ሐኪሙም የሚመለስ አይደለም ብሎኛል። ጭላንጭሉ ሳለ መልክህን ልየው። ና።”

“ውይ እታለም! እሺ፣ እመጣለሁ። የመኪናውን ነገር ልወስንና…”

“አንተ ልጅ፣” አለችው፣ “የልጄ ሠርግ ጊዜም እኮ ልትወስን ነበር።”

ስልኩን ዘጋችው።

አቶ ሞላልኝ ያን ቃል ይዞ ዋለ። የእህቱ ልጅ ተሞሽራ ስትወጣ አጎቷ እንዳልነበረ ያውቃል፤ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ሲመጣ ግን ሰምቶት አያውቅም ነበር። በማግስቱ ማለዳ ተነስቶ ልብሱን ለበሰና ድንጋዩን አነሳ።

“ወዴት ነው?” አለች ወይዘሮ ስንዱ።

“እታለም ዘንድ። ዛሬ የሚያስቀረኝ የለም።”

“እዚያ ካጠፋሃት በኋላ በምን ልትነሳልህ ነው?”

“አላጠፋትም!” አለ፣ ትልቅ ዘዴ እንዳገኘ ሰው ፊቱ እየበራ። “ሞተሩ እየሠራ አቆማታለሁ።”

ወይዘሮ ስንዱ ዘዴው ባይጥማትም በሩን ከፈተችለት። ቢያንስ መሄዱ ደስ ብሏታል።

እውነትም የሚያስቀረው አልተገኘም። ቁልቁለቱን ወረደ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ምሳ ልብላ ሳይል ነዳ። ሜዳው ላይ ሲደርስ እጁን መሪው ላይ ጠበቅ አድርጎ “አይዞሽ ዳማ፣ እንዳትከጂኝ” አላት። አልከዳችውም። የእህቱ ደጃፍ ላይ አቆማትና ሞተሩን እንዳለ ትቶት ገባ።

ወይዘሮ ዘርፌ በዳበሳ መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ወይዘሮ ስንዱ መምጣቱን ደውላ ነግራት ስለነበር የሚወደውን ሽሮ ሠርታ፣ ቤቱን አስተካክላ፣ ብርሃን የሚገባበት መስኮት አጠገብ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጣ ነበር የጠበቀችው። እጁን አስታጠበችው። ከዚያ ከፊቱ ተቀመጠችና ደከም ያለውን ዓይኗን አጥብባ ልታየው ሞከረች። የመጣው ለዚህ ነው፤ የጠራችውም ለዚህ ነው።

ደጅ ላይ ዳማ ታጉረመርማለች። ድምፅዋ ዝቅ ሲል አቶ ሞላልኝ ልቡ አብሮ ዝቅ ይላል፤ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል። ድምፁ ሲስተካከል ይመለሳል። ደግሞ ሳል ቢጤ ሲያደርጋት ያዞራል። እህቱ ስለ ልጇ ትነግረዋለች፤ እሱ “እ… እሺ… ተመስገን ነው” ይላል፣ ጆሮው ግን ውጭ ነው።

“ፊትህን ወደኔ አዙር እንጂ፣” አለችው በመጨረሻ። “ከመጣህ ጀምሮ ያየሁት ጆሮህን ብቻ ነው።”

“ይቅርታ እታለም።”

“ደጅ የሚጠብቅህ ሰው አለ እንዴ?”

“ኧረ ማንም የለም።”

“ታዲያ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?”

“መኪናዬ ናት። ካጠፋኋት አትነሳልኝም፤ እዚህ ደግሞ ቁልቁለት የለም።”

ወይዘሮ ዘርፌ አልተቆጣችም። እንደ ድሮው፣ ልጅ ሳለ ስታባብለው በነበረው ድምፅ “ሞላልኝዬ፣” አለችው፣ “ሞተሩ ካልጠፋ አልመጣህም ማለት ነው። እኔ የጠራሁት ወንድሜ ገና መንገድ ላይ ነው።”

አቶ ሞላልኝ ተነሳ። ወጥቶ መኪናዋ ውስጥ ገባና ቁልፉን ያዘ። አሁን ካጠፋት የማያውቀውን ሰፈር ሰው መለመን ሊኖርበት ነው። ካላጠፋት ደግሞ እህቱ የመጨረሻውን ጭላንጭል በጆሮው ላይ ልትጨርሰው ነው። ጥርሱን ነክሶ ቁልፉን አዞረው።

ጸጥ አለ። ከዚያ ቤት ውስጥ የእህቱ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማ። ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ያለ ትንሽ ድምፅ መስማቱ የመጀመሪያው ነበር።

ተመልሶ ተቀመጠና ፊቱን ሰጣት። እሷም ቀረብ ብላ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ ጉንጩን በዓይኗም በእጇም አየችው። “ሸብተሃል እኮ! አባታችንን ቁርጥ ሆነሃል” አለችው። ያኔ አቶ ሞላልኝ አለቀሰ፤ ደበቅ አድርጎም አይደለም። እስኪመሽ ተጫወቱ፣ በሉ፣ ሳቁ። እዚያው አደረ።

ጠዋት ላይ “እታለም፣” አላት፣ “እስኪ አንቺ ፍረጂኝ። ላሠራት ወይስ ልሽጣት?”

“እኔ የመኪና ነገር አላውቅም፣” አለች። “ደጄ ላይ የምትጠፋ ትሁን እንጂ ደስ ያለህን አድርግ።”

አቶ ሞላልኝ ከዚያ በላይ ምክር አልፈለገም። ወደ መንገዱ ወጣና ዘመኑን ሙሉ የሸሸውን ቃል ተናገረ፤ “ጎረቤቶች፣ እባካችሁ ግፉልኝ!” አለ። ማንም “ከሰረ” አላለውም። ቁርሱን የሚበላው ከነጉርሻው፣ በር የምትጠርገዋ መጥረጊያዋን ጥላ መጡ። ወይዘሮ ዘርፌም እየዳበሰች መጥታ መዳፏን ዳማ ጀርባ ላይ አሳረፈች። እየተሳሳቁ ገፏት፤ ተነሳች።

እሱ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። በቀጥታ ወደ ከተማዋ ጋራዥ ነዳና “ሞተሪኖዋን ሥሩልኝ፤ ሳትሠራ ከዚህ አልንቀሳቀስም” አለ። ከምሳ በኋላ አለቀ። መካኒኩ ቁልፉን ሲያዞረው ዳማ ወዲያው ተነሳች። አቶ ሞላልኝ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ደግሞ በራሱ ተናደደ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው ያን ሁሉ ዓመት የበላው!

ወደ እህቱ ደጅ ተመልሶ አጠፋት። አስነሳት። ደግሞ አጠፋት። ወይዘሮ ዘርፌ ከውስጥ ሆና ሳቀችበት። ያን ድንጋይም ለእሷ ተወላት፤ የግቢው በር በነፋስ እንዳይዘጋ ማስደገፊያ ሆነ።

ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ “በመጨረሻስ ሸጣት ወይስ አስቀራት?” ይላሉ። እንግዲህ ለጠያቂዎች ልንገራችሁ፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሸጣትና ትንሽ የምትሻል ሌላ ገዛ። ውሳኔው አንድ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። አስቀርቷት ቢሆንም ምንም አይደለም። ክፉው ነገር መሸጥም ማስቀረትም አልነበረም፤ አንዱን ለሌላው ሰበብ እያደረጉ መሃል ላይ መኖር ነው። ያረጀች መኪና የሰው ዕድሜ አትበላም፤ ያልተቆረጠ ውሳኔ ግን ይበላል፤ ሱቅ ይበላል፣ ሠርግ ይበላል፣ እህት ይበላል።

ወይዘሮ ዘርፌ ዛሬ ጨርሶ አታይም። ወንድሟ በሚመጣበት ቀን በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። መኪናው ሲቃረብ ብትሰማም አትነሳም። ደጃፏ ላይ ደርሶ ሞተሩ ጸጥ ሲል ነው እጇን ዘርግታ የምትነሳው፤ “አሁን መጣህ” ትለዋለች።

እርስዎስ? ካጠፋሁት አይነሳልኝም ብለው ደጅ ላይ እንዳለ የተዉት ሞተር የቱ ነው? ውስጥ ተቀምጦ ፊትዎን የሚጠብቀውስ ማን ነው?