ኤሊዋና ስም ያላገኘችው ኮከብ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ ነው፤ ለምዶባችኋል። ዛሬ ግን ላም የለም። ዛሬ «የሰማይ በረት» በሉኝ። በሉ እንጂ። አንተ ከኋላ የተቀመጥከው፣ አፍህ ሲከፈት አላየሁም። እህ፣ እንዲህ ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ እንደ ሰው በሚያወራበት፣ ሰውም አልፎ አልፎ ዝም በሚልበት ዘመን፣ አንዲት ኤሊ ነበረች። እመት ኤሊ ይሏታል። አንድ ቀን ከዋርካ ጥላ ዳር፣ ድንጋይ ላይ የወደቀ ፍሬ አየችና ለመልቀም ወጣች።

ድንጋዩ «ተይ፣ አይሆንልሽም» አላት።

አልሰማችውም። ወጣች፣ ተንሸራተተች፣ ተገለበጠች። ሆዷ ወደ ሰማይ፣ ጀርባዋ ወደ መሬት ሆነ። አራት እግሯን ብታወራጭ ብታወራጭ ከአየር በቀር የምትረግጠው አጣች።

«ብዬሽ ነበር» አላት ድንጋዩ።

አውራ ዶሮ በዚያ አለፈ። «እመት ኤሊ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

«ተገልብጬ ነው አያ ዶሮ። እባክህ ቀና አድርገኝ።»

«መጣሁ» አለና ሄደ። እንደ ሄደ ቀረ።

አህያ አለፈ። «ጭነቴን ላድርስና እመለሳለሁ» አለ። ጭነቱን አደረሰ፤ ሌላ ጫኑበት።

ጅብ አለፈ። ጅብስ ቆመ፤ አይዋሽም። ዙሪያዋን ዞረ፣ አሸተታት፣ ቅርፊቷን በጥርሱ ሞከረ። «ድንጋይ ነው» ብሎ ሄደ። ድንጋዩ በዚህ በጣም ተቀየመ።

ታዲያ ኤሊ ምን ታድርግ? የቀራት ሥራ ማየት ብቻ ሆነ። እናንተ ሆይ፣ ኤሊ በዕድሜዋ ሙሉ ሰማይ አይታ አታውቅም ነበር። አንገቷ ወደ ፊት ይወጣል እንጂ ወደ ላይ አይቀናም፤ ቅርፊቷ ይይዘዋል። ሰማይ መኖሩን የምታውቀው ዝናብ ሲመታት ነበር። አሁን ግን ሰማዩ በሙሉ ተዘረጋላት። አንድ ምሽት አየች። ሁለት ምሽት አየች። በሦስተኛው ምሽት አንድ ነገር ገባት። ሌሎቹ ኮከቦች ሁሉ በየቦታቸው ናቸው፤ አንዲት ትንሽዬ ግን ትናንት ከነበረችበት ፈቀቅ ብላለች። ዛሬ የተማሩት እንዲህ ያለችውን ፕላኔት ይሏታል። ኤሊ አልተማረችም፤ ተገልብጣ ብቻ ነው ያወቀችው።

«አንቺ ትንሿ» አለቻት። «ወዴት ነው?»

ኮከቧ ደነገጠች። «እኔን ነው?»

«አዎ፣ አንቺን።»

«ታዪኛለሽ እንዴ?»

«ይኸው ሦስት ቀኔ ሳይሽ።»

ኮከቧ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ከተወለደች ጀምሮ ያያት አልነበረማ።

«እናቴ ፀሐይ ናት» አለች። «ማታ ስትገባ ልጆቿን በስም በስማቸው እየጠራች ወደ ምድጃዋ ትሰበስባለች። ስንዱ ግቢ፣ ቀዮ ግባ፣ ዘለቃሽ ግቢ ትላለች። እኔ ስም የለኝም። ከሁሉም ሩቅ ስለ ተወለድኩ እናቴም አላየችኝም። እስከ ሰማንያ ቀኔ ስም ካልወጣልኝ ጨለማው ይወስደኛል። ጨለማ የወሰደውን ደግሞ አይመልስም። ዛሬ ሰባ ሰባት ቀኔ ነው።»

ኤሊ በእግሮቿ ቆጠረች። ሦስት ቀን ቀርቷል።

«አይዞሽ ልጄ» አለቻት። «ስም ሞልቶ።»

ግን ስም ብቻን ሆኖ አይወጣም። ደንብ አለው። አገር ይሰበሰባል፣ አዋቂ ስሙን ያወጣል፣ ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ ልጁ «አቤት» ካለ ስሙ ጸደቀ። ስለዚህ ኤሊ በማግስቱ «ስም ልናወጣ ነው፣ ኑ» ብላ ተጣራች። አገሩ በሙሉ መጣ። «ቀና አድርጉኝ» ስትል ያልመጣው ሁሉ፣ ስም ማውጣት ሲባል ድግስ ይኖራል ብሎ መጣ። ድግስ የለም ሲባል ደግሞ መመለስ አፈሩ።

አህያ «ቆይ መጀመሪያ ቀና ላድርግሽ» ብሎ አፍንጫውን አስጠጋ።

«እንዳትነካኝ» አለችው። «ከተቃናሁ አላያትም። እዚያ ሁሉ ኮከብ መካከል የትኛዋ እንደሆነች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ልጅቷ ስም ታግኝ፣ እኔ እደርሳለሁ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አታቋርጡኝ። እኛ አገር ስም ለልጁ አይወጣም፤ ለጎረቤት ነው የሚወጣው። እኔን እዩኝ። እኔ የተወለድኩት አባቴ ከጎረቤታችን ጋር በመሬት ወሰን ተካስሶ ሳለ ነው። «ድንበሩ» ብሎ ስም አወጣልኝ። ማታ ማታ ደጅ ቆሞ «ድንበሩ! ድንበሩ!» እያለ ይጣራል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። እኔን ፈልጎ መሰላችሁ? ያ ሰውዬ እንዲሰማለት ነው። የእንስሳቱም ነገር እንዲሁ ነበር።

የመጀመሪያው ምሽት የአውራ ዶሮ ተራ ሆነ። ዶሮ ከጅግራ ጋር ነገር ነበረው። ጅግራ ባለፈው ሰሞን በሰው ፊት «ላባህ አንድ ዓይነት ብቻ ነው?» ብላዋለች። ዶሮ ይህን አልረሳም። አጥር ላይ ወጣ፣ ክንፉን አራገፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስሟ አስናቀች ይሁን» አለ። «በውበቷ ሌላውን ሁሉ የምታስንቅ። ነጠብጣብ የሌለባት።» ከዚያ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ጅግራ ዞሮ ጠራ። «አስናቀች! አስናቀች! አስናቀች!»

ኮከቧ ዝም አለች። ጅግራ ግን ተነሣች።

«ማንን ነው ያስናቀችው?» አለች።

«እኔ ስም ነው ያወጣሁት፣ ወይዘሮ ጅግራ።»

«ነጠብጣብ ያልከው ማንን ነው? ድገመውና ልስማህ።»

ደገመው። ያን ምሽት የረገፈው ላባ ለሁለት ትራስ ይበቃ ነበር። ፀሐይም ልጆቿን ጠርታ ገባች።

«እመት ኤሊ» አለች ኮከቧ፤ «እኔን አልጠሩኝም።»

«ነገ ልጄ» አለች ኤሊ። «ነገ አስተዋይ እናስጠራለን።»

በሁለተኛው ምሽት የአህያ ተራ ሆነ። አህያ አስተዋይ ነው፣ ጨዋም ነው፤ ግን ሆዱ ቂም ቋጥሯል። ጅብ አጎቱንም አክስቱንም በልቶበታል።

«ስሟ ምንበደልኳቸው ይሁን» አለ። ጅብ የተቀመጠበትን በጎን እያየ «ምንበደልኳቸው! ምንበደልኳቸው! ምንበደልኳቸው!» ብሎ ጠራ።

ኮከቧ ዝም አለች። ጅብ ግን መለሰ።

«ምንም አልበደልከንም ወንድሜ» አለ በትሕትና። «አጎትህም አልበደለንም። እንዲያውም የሚጣፍጥ ሰው ነበር።»

አህያ ከዚያ በኋላ ስብሰባውን አልጨረሰም። ጅብም «ልሸኘው» ብሎ ተነሣ። ሁለቱ ወደ ወንዙ ሲሮጡ አቧራው ፀሐይን ሳይቀር ሸፈናት። ፀሐይ እያሳለች ልጆቿን ጠርታ ገባች።

«እመት ኤሊ፣ በረደኝ» አለች ኮከቧ። ብርሃኗ ቀንሶ ነበር።

ኤሊ ያን ጊዜ ፈራች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የተገለበጠች ዕለት እንኳ እንዲህ አልፈራችም ነበር።

ሰማንያኛው ቀን መሸ። «ከእንግዲህ ለትልቅ ሰው እንስጠው» ተባለ። ከአባ ዋርካ ማን ይበልጣል? ዕድሜው ስንት እንደሆነ እሱም አያውቀውም። የሰባት ዘመን ሽማግሌ ጥላው ሥር ሸንጎ ተቀምጧል። አህያም ከወንዝ ማዶ ዞሮ መጣ፤ ጅብ አጎቱን እንጂ እሱን አልበላውም። ጅብም እያለከለከ መጣ።

አባ ዋርካ አሰበ፣ አሰበ፣ አሰበ። ፀሐይ ወደ ተራራው ወረደች።

«አባ፣ ቶሎ» አለች ኤሊ።

«ትልቅ ስም በጥድፊያ አይወጣም» አላት።

ከግንዱ ሥር ደግሞ እንጨት ፈላጭ ጥሎት የሄደ መጥረቢያ ተጋድሞ ነበር። መጥረቢያው ከመጣ ጀምሮ ዋርካ አላናገረውም። አሁን በጎን አየት አደረገውና ቅርንጫፉን ዘርጋ አድርጎ «ስሟ ማንይነቅለኛል ይሁን» አለ። ድምፁ ተራራውን ዞረው። «ማንይነቅለኛል! ማንይነቅለኛል! ማንይነቅለኛል!»

ኮከቧ ዝም አለች።

«እኔ» አለ መጥረቢያው።

ሌላ ቃል አልጨመረም፤ አላስፈለገውም። አባ ዋርካ ከሥሩ እስከ ጫፉ ተንቀጠቀጠ። ሲንቀጠቀጥ ቅጠሉ ረገፈ፣ ሲረግፍ በሙሉ ኤሊ ላይ ወረደ። ዶሮ ይስቃል፣ ጅግራ «ስም አወጣጡ እንዳንተ ያለ ነው» ትለዋለች፣ አህያ ከጅብ ለመራቅ ቦታ ይቀያይራል፤ ኤሊ ግን ዓይኗ ተሸፍኗል። ሰማዩ ጠፋባት።

«ልጄ፣ የት ነሽ?» አለች። መልስ የለም። «ልጄ?» እፍ አለች። አንድ ቅጠል ተነሣ፤ ሥሩ ሌላ ቅጠል አለ። እፍ አለች፣ እፍ አለች፣ አንገቷን አወራጨች። የመጨረሻው ቅጠል ከዓይኗ ላይ ሲንሸራተት፣ ከጨለማው ጫፍ፣ ልትጠፋ የደረሰች አንዲት ነጥብ አየች። ያን ጊዜ ኤሊ ደንቡንም አገሩንም ረሳች። አለቀሰች።

«አየሁሽ» አለች። «አየሁሽ ልጄ። አየሁሽ።»

«አቤት» አለች ኮከቧ።

አገሩ በሙሉ ወደ ሰማይ ቀና አለ።

«ምን አለች?» አለ ዶሮ።

«አቤት አለች» አለ ድንጋዩ። «ሦስት ጊዜ ተጠራች፤ እኔ ቆጥሬያለሁ።»

«አየሁሽ ደግሞ ስም ነው?» አለች ጅግራ። «ማንን ለመንካት ነው የወጣው?»

«ማንንም» አለች ኤሊ።

«ማንንም ካልነካ ምኑን ስም ሆነ?» አለ ጅብ። አህያ ግን «ተዉ፣ ጸድቋል» አለ፤ ጅብን ሲቃወም የመጀመሪያው ነበር።

ፀሐይ ግማሽ ፊቷ ገብቶ ነበር። «ማነው አቤት ያለው?» አለች።

«ልጅሽ ናት እሜቴ» አለች ኤሊ። «ሩቅ ያለችው። ሰማንያ ቀኗ ነው። ስሟ አየሁሽ ነው፤ ጥሪያት።»

ፀሐይ ልጅቷን አይታት አታውቅም፤ በየት በኩል እንዳለችም አታውቅም። ዝም ብላ ወደ ሰሜን ዞራ «አየሁሽ!» ብላ ጠራች።

«አቤት እማዬ» አለ ድምፅ ከደቡብ።

ፀሐይ ዞረች። አየቻት። ትንሽዬ ናት፣ ቀዝቅዛለች፣ መንገዱ ላይ ቆማለች። እናትየው ስታያት ቆየች። ያን ቀን ፀሐይ የገባችው ከወትሮው ዘግይታ ነው።

«ግቢ ልጄ» አለቻት በመጨረሻ። «ብርድ ነው።»

ኮከቧም ወደ ምድጃው ገባች። ኤሊ እስክትገባ ድረስ አየቻት። ከዚያ «በሉ፣ አሁን ቀና አድርጉኝ፤ ጀርባዬ አልቋል» አለች።

አህያ አፍንጫውን አስጠጋ።

«እመት ኤሊ» አላት ድንጋዩ፤ «ከተቃናሽ እኮ ዳግመኛ አታያትም።»

«አውቃለሁ» አለች። «እናቷ አየቻት አይደል? ይበቃኛል። እኔ ስትጠራ እሰማለሁ።»

አህያ ገፋ አደረጋት፤ ኤሊ በእግሯ ቆመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤሊ ሲመሽ ባለችበት ቀጥ ትላለች፤ አንገቷን አውጥታ ትቆማለች። ሰዎች ደክሟት ይመስላቸዋል። ደክሟት አይደለም፤ እየሰማች ነው። ፀሐይ ስትገባ «አየሁሽ» ትላለች፣ ሩቅ ያለች ልጅም «አቤት» ትላለች፤ ኤሊ ይህን ሳትሰማ አትተኛም።

አያቶቻችን «ለጎረቤት የወጣን ስም ጎረቤት አቤት ይለዋል፤ ለልጅ የወጣ ስም ልጅን ቤት ያስገባል» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው።

የእኛ የመሬት ክስ ካለቀ አርባ ዓመት ሆኖታል። ያ ሰውዬም ሞቷል፣ አባቴም ሞቷል፤ እኔ ግን ዛሬም «ድንበሩ» ስትሉኝ መጀመሪያ ዞሬ የማየው የጎረቤትን አጥር ነው። እንግዲህ ተረቴ በረቱ ገብቷል፤ መዝጊያውን ሳቡት። አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርባችሁ። ልጅ ስትወልዱ ግን፣ ስም ከማውጣታችሁ በፊት፣ ልጁን እዩት።