የእመት ጃርት ካብ

ተረት ተረት ስል «የመሠረት» በሉኝማ፣ ነገሩ የካብ ነውና።

እመት ጃርት በአንድ ተዳፋት ላይ ጉድጓድ ቆፍራ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ከላይ ያለው አፈር እየተናደ ደጃፏን ይደፍንባታል። ዘንድሮስ ልጆቼን ይቀብርብኛል ብላ ስለፈራች፣ ዝናቡ ሳይገባ አፈሩን የሚያግድ የድንጋይ ካብ በገዛ ግቢዋ መካብ ጀመረች።

ከበታቿ የሚኖረው አያ ዝንጀሮ የተዳፋቱ ደንብ አስከባሪ ነበርና ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«ከጉልበት በላይ ካብ ያለ ፈቃድ አይካብም! አፍርሺ!»

«በማን ጉልበት ነው፣ አያ ዝንጀሮ?»

«በአይጥ ጉልበት።»

«እሺ፣ ፈቃዱንስ ማን ይሰጠኛል?»

«መሐንዲሷ ግመል መጥታ ካየችው በኋላ እኔው እሰጥሻለሁ። ግመል ደግሞ በጭቃ ስለማትሄድ የምትመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው።»

እመት ጃርት እያለቀሰች ካቧን አፈረሰች። ሐምሌ ላይ ዶፍ ዘነበና ተዳፋቱ ተናደ። እሷ ልጆቿን ከፊት እየገፋች ለጥቂት አመለጠች፤ ጉድጓዷ ግን ተቀበረ። አፈሩም የሚያግደው ስላጣ ቁልቁል ወርዶ የአያ ዝንጀሮን ግቢ ሞላው።

አያ ዝንጀሮ ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ ወጣና ጮኸባት።

«አፈርሽን ያለ ፈቃድ በሰው ግቢ ደፍተሻል! ቅጣትሽ ዛሬውኑ ለእኔ ካብ መካብ ነው፤ ቁመቱም እስከ ጣሪያዬ ይድረስ!»

እመት ጃርትም ቤት አልባ ልጆቿን ከግራር ሥር አስቀምጣ፣ ለአያ ዝንጀሮ ድንጋይ ታመላልስ ጀመር።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ዳቦውን አቅርቡ።