ነጩ ለምድ

አንዲት ባለጠጋ ሴት ነበረች። ባሏ የቤቱ የበኩር ልጅ ስለነበር በዘመድ ድግስ ሁሉ ከፊት የምትቀመጠው እሷ ነበረች፤ አለባበሷ የሚወራላትም እሷው። የባሏ ታናሽ ወንድም ሚስት ሲያገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሙሽራዪቱ ለመልሱ የጉሬዛ ለምድ ደርባ መጣች። ጥቁርና ነጩ ጠጉር እስከ ወገቧ ይወርድ ነበር። ያየ ሁሉ አፉን ይዞ አደነቀ።

ባለጠጋዋም አብራ አደነቀች። ቤቷ ስትገባ ግን እህል አልወርድ አላት። «ትናንት የመጣች! ምን ስላላት ነው?» ትላለች ለብቻዋ። ሰው በሳቀ ቁጥር በእሷ የሚስቅ፣ ባወራም ቁጥር ስለዚያ ለምድ የሚያወራ ይመስላት ጀመር። በመጨረሻ አንድ አዳኝ አስጠርታ፣ «ከእሷ የሚበልጥ ለምድ እፈልጋለሁ» አለችው።

አዳኙ አሰብ አደረገና፣ «እመቤቴ፣ ጉሬዛ ሲወለድ ሁለመናው ነጭ ነው፤ የሚጠቁረው እያደገ ሲሄድ ነው። የግልገሎቹ ቆዳ ቢሰፋ እንደ ጥጥ የነጣ ለምድ ይወጣዋል» አላት። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግልገሉ ግን ከእናቱ ደረት አይላቀቅም። እናቲቱን ሳልጥል አላገኘውም። ቆዳውም ትንሽ ስለሆነ ብዙ ይፈልጋል» አለ።

«እኔ የጠየቅሁህ ለምድ ነው» አለችው።

ለምዱ ተሰፍቶ መጣ። ለአንድ የክርስትና ድግስ ደርባው ስትገባ ሴቶች እየተነሡ ዳሰሱት። እሷ ግን የምትፈልገው አንድ ፊት ብቻ ነበር። የታናሽየው ሚስት ቀርባ ጉንጯን ጠጉሩ ላይ አሳረፈች። ፊቷ ላይ ፉክክር የሚባል አይታይባትም።

«እትዬ፣ እንዴት ያምራል! ማን ሠራልዎት? እኔም እንዲህ ያለ ባገኝ» አለች።

የሴትዮዋ ደስታ እዚያው ላይ ጠፋ። ድግሱ ሳያልቅ ተነሥታ ወጣች፤ አዳኙንም አስጠራችው።

«ጫካው ውስጥ የቀረ ነጭ ግልገል አለ?»

«ጥቂት አይጠፋም።»

«ሁሉንም አምጣልኝ።»

«ሌላ ለምድ ሊያሰፉ ነው?»

«የምን ለምድ! እሷ እንዳታገኘው ነው» አለችው።

አዳኙ ሄደ። ቆዳውን በከረጢት እያመጣ ያስረክባታል፤ እሷም ዘርግታ እንኳ ሳታየው ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። አንድ ቀን ባዶ እጁን መጣና፣ «አለቀ እመቤቴ። አሁን ጫካው ውስጥ የጉሬዛ ድምፅ አይሰማም» አላት። ያን ዕለት እህል ጣፈጣት፤ የራቃት እንቅልፍም ተመለሰላት።

ለፋሲካ ሁለቱ ሴቶች አማታቸው ቤት ተገናኙ። ባለጠጋዋ ነጩን ለምድ ደርባለች። የታናሽየው ሚስት ቀይ የሐር ካባ ለብሳ ገባች፤ የለምድ ነገር ከልቧ ከወጣ ቆይቷል። ሴቶቹ ቀዩን ካባ ከበው ቀሩ። አንዷ ዞር ብላ፣ «እርስዎ አሁንም ለምድ ላይ ነዎት?» ብላ ሳቀች።

ባለጠጋዋ ቤቷ ገብታ ለምዱን ከትከሻዋ ሳታወርድ አዳኙን አስጠራች። «ቀይ ጠጉር ያለው አውሬ የትኛው ነው?» አለችው።

«ተራራው ላይ ቀይ ቀበሮ አለ።»

«ታዲያ ምን ያቆምሃል?»

ልጄ፣ «የአውሬ ቆዳ ከገበያ ገዝቼ ብለብስ እንስሳውን የገደልኩት እኔ አይደለሁም፤ በደሉ የአዳኙ አይደለም ወይ?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው ይህን ታሪክ የነገርኩሽ። አዳኙ ንጹሕ ነው አልልሽም። ነገር ግን ያቺ ሴት ጠመንጃ ይዛ አታውቅም፤ ጫካውንም በዓይኗ አላየችው። ጫካው ጭር ያለው ግን በእሷ ቃል ነው። ብርድ በርትቶባትም አልነበረም፤ የሌላ ሴት ትከሻ እያየች ነው ጉሬዛዎቹን ያስጨረሰቻቸው። አንቺም ገበያ ወጥተሽ ያን ቆዳ ስታነሺ፣ ዓይንሽ የማን ትከሻ ላይ እንዳለ አስቀድመሽ ራስሽን ጠይቂ። ለብርድሽ አንድ ጋቢ ይበቃሻል። ቅናትሽን ላልብሰው ብትዪ ግን የምድር አውሬ ሁሉ ቢገፈፍ አይሸፍነውም።