የአያ ጅቦ ሰባት ሌንሶች

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበረ። ካሜራው አንድ ነው፤ ሌንሶቹ ግን ሰባት ነበሩ። ተራራው አናት ላይ የሚኖረው ሽማግሌ አንበሳ መልእክት ላከበት። በየአገሩ ተበትነው የሚኖሩት ሦስት ልጆቹ ቅዳሜ ጠዋት ሊጠይቁት ይመጣሉ። አንበሳው ዓይኑ እየደከመ ስለሄደ፣ ጨርሶ ሳይጠፋ ከሦስቱም ጋር የተነሳውን አንድ ፎቶ ማየት ይፈልጋል።

መንገዱ አንድ ቀን ተኩል ያስኬዳል። ጅብ ዕቃውን እንድትሸከምለት እመት አህያን ለመናት። እንደማይነካት በእናቱ ስም ከማለላት በኋላ እሺ አለችው።

ሐሙስ ማለዳ ስትመጣ ጅብ ሌንሶቹን መሬት ላይ ደርድሮ፣ አንዱን ቦርሳው ውስጥ ይከታል፣ መልሶ ያወጣዋል። ቆማ ጠበቀችው። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ጅብ አሁንም ይከታል፣ ያወጣል። ምን እንደቸገረው ብትጠይቀው፣ ሰፊውን ቢተው ግቢው በሙሉ እንዳይቀርበት፣ ረጅሙን ቢተው ማዶ ገደሉ ላይ ንስር ብቅ ብሎ እንዳያመልጠው፣ የትንንሹን ነገር ማንሻ ቢተው ደግሞ አንበሳው ጆሮ ላይ ቁንጫ ተገኝታ እንዳይቆጨው መስጋቱን ነገራት።

አህያ በረጅሙ ተነፈሰች።

«አያ ጅቦ፣ የተጠራነው ለአንድ አባትና ለሦስት ልጆች ነው። ለእነሱ የሚሆነው የትኛው ነው?»

«ይሄ መካከለኛው።»

«እንግዲያው እሱን ያዝና እንሂድ።»

«ሌሎቹስ?» አለ ጅብ፣ ልጆችህን ጥለህ ና የተባለ ይመስል ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

በዚህ መሃል ቀበሮ ደረሰች። ተራራው ላይ ላለው ወንድሟ የምትልከው እንደ ሙቀጫ የከበደ አሮጌ ሌንስ ነበራት፤ የሚያደርስላት አጥታ ከርማለች። እንደ እሱ ያለ ባለሙያ ሰባት ብቻ ይዞ ቢወጣ ሰው ምን እንደሚለው ጠየቀችው። የእሷን በውሰት ወስዶ ሲጨርስ እዚያው ለወንድሟ ቢሰጥላት ቅር እንደማይላት ነገረችው። ጅብ እጅ ነሥቶ ተቀበላት። አህያ ስምንቱንም ተጫነች።

ሲነሱ እኩለ ቀን ሆኖ ነበር። ያም ሳያንስ ጅብ በየመታጠፊያው ጭነቱን እያስወረደ ሌንስ ይቀያይራል፤ አንዴ ለጉም፣ አንዴ ለድንጋይ። አህያ መጀመሪያ ለመነችው፣ ቀጥሎ ተቆጣችው፣ በመጨረሻ መናገሩንም ተወችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ አባታቸውን ከበው ሲጠብቁ ነበር። ደመናው ጠቁሯል። የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ደቦሎቿን ብቻቸውን ትታ ስለመጣች፣ ወንዙ ሳይሞላ መሻገር እንዳለባት ተናገረች። አባቷ ጥቂት እንድትታገስ ለመናት።

ጅብ መጀመሪያ የቀበሮን ሌንስ ገጠመ፤ የአንበሳው አፍንጫ ብቻ ታየ። ፈታና ሰፊውን ገጠመ፤ አንበሶቹ ጉንዳን አከሉ። መካከለኛው ከቦርሳው ሥር ተቀብሮ ነበር። እሱን ፈልጎ፣ አውጥቶ፣ ጠርጎ እስኪገጥም ልጅቱ የአባቷን ጉልበት ስማ ወረደች።

ጅብ የቀሩትን አነሳና ፎቶውን ለአንበሳው አሳየው። አንበሳው ካሜራውን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ብዙ አየ።

«ሦስት ነበሩ» አለ ቀስ ብሎ።

«ለከርሞ ሲመጡ እንደገና አነሳችኋለሁ፣ አባቴ።»

«ለከርሞ እኔ አላይም» አለና ካሜራውን መለሰለት።

ከዚያ ሁሉ ልፋት ጉዳይዋ የተሳካላት ቀበሮ ብቻ ነበረች። ሌንሱን ለወንድሟ በሩ ድረስ ወስደው አስረከቡት።

ሊመለሱ ሲሉ አህያ ካሜራውንና መካከለኛውን ሌንስ ብቻ ተቀብላ፣ የቀሩትን ስድስት ራሱ እንዲሸከም ነገረችው። ጅብ አንገቱን ደፍቶ አንጠለጠላቸው፤ ቁልቁለቱን እስኪጨርሱም አንዴ እንኳ እንቁም አላለም።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚያስፈልገንን ለይተን መምረጥ ሲያቅተን የሚጎዳው ሸክማችንን የተሸከመልን ብቻ ሳይሆን፣ ደጁ ላይ ሆኖ የሚጠብቀንም ጭምር መሆኑን ነው።