«መልስልኝ» ያበዙት ሥራ አስኪያጅ

አንድ ቀን በአንድ ጠጠር አምራች ድርጅት ውስጥ ሥራ አስኪያጁና ቀያሹ በስልክ ቼዝ ተጋጠሙ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ወንድይፍራው ይባላሉ። እሳቸው ቼዝ ከጀመሩ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ቼዝ ወዳድ ሆኗል፤ ፈረስን ከንግሥት የማይለየው ሁሉ መጫወቻውን ስልኩ ላይ ጭኗል። በዚህ መጫወቻ ላይ «መልስልኝ» የምትባል ቁልፍ አለች። ተሳስቶ የተራመደ ሰው እሷን ሲጫን፣ ተጋጣሚው ስልክ ላይ «ተጋጣሚዎ የወሰደውን እርምጃ መመለስ ይፈልጋል፤ ይፈቅዳሉ?» የሚል ጥያቄ ብቅ ይላል። አቶ ወንድይፍራው ከወታደሮቻቸው ይልቅ የሚተማመኑት በዚች ቁልፍ ነው። ፈረስ ሲበላባቸው «መልስልኝ»። ንጉሣቸው ሲከበብ «መልስልኝ»። አንዳንዴማ ደህና አድርገው ተጫውተውም፣ ከዚህ የተሻለ ይኖር ይሆናል ብለው «መልስልኝ» ይላሉ።

ሠራተኛው ምን ምርጫ አለው? ይፈቅዳል። አንዴ ብቻ የሒሳብ ክፍሉ አስናቀ እምቢ ብሎ አሸነፋቸው። ብዙም ሳይቆይ በረሃ ወዳለው የጠጠር ማምረቻ «ለአጭር ጊዜ» ተዛወረ። ሰውየው እስካሁን አልተመለሰም፤ ባለፈው ለፈቃድ ሲመጣ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ ስለነበር የጥበቃ ሠራተኛው አላወቀውም፤ መታወቂያ ጠየቀው።

አቶ ወንድይፍራው ራሳቸው «መልስልኝ» ሲባሉ ግን አይፈቅዱም።

«ቼዝ የጨዋ ሰው ጨዋታ ነው» ይላሉ፣ በየስብሰባው መዝጊያ ላይ። «የነካ ይጫወታል! ስፖርታዊ ጨዋነት ማለት ስህተትን በጸጋ መቀበል ማለት ነው።»

የማንን ስህተት እንደሆነ ደፍሮ የጠየቀ የለም።

እናላችሁ፣ ድርጅቱ ለሠራተኞች ቀን በዓል የቼዝ ውድድር አዘጋጀ። አቶ ወንድይፍራው «መልስልኝ» እያሉ ለፍጻሜ ደረሱ። በሌላ በኩል ለፍጻሜ የደረሰው ቀያሹ ላቀው ነበር። ላቀው ብዙ አይናገርም፤ ከተናገረ ግን ወሬው ከሱ ቀድሞ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ ገና አራስ ናት። ጠዋት ከቤት ሲወጣ «ዛሬ ደግሞ አደራህን አፍህን ሰብስብ፤ በረሃ ልከውህ ልጁን ብቻዬን እንዳላሳድግ» ብላዋለች። እሱም እሺ ብሎ ነው የወጣው።

ሥራ አስኪያጁ ፎቅ ላይ ከቢሯቸው፣ ላቀው ደግሞ ምድር ቤት ከጠረጴዛው ሆነው መጫወት ጀመሩ። የክፍሉ ሰዎች ወንበራቸውን እየጎተቱ ላቀውን ከበቡት። ጨዋታው ገና ሳይሟሟቅ የላቀው ጣት ተንሸራቶ ፈረሱን ያላሰበው ቦታ አስቀመጠው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «መልስልኝ» የምትለዋን ነካት። ከፎቅ ወዲያው «አይፈቀድም» መጣ። አለቃው በዚህም አላበቁም፤ ሠራተኛው ሁሉ በሚያነበው የስልክ ቡድን ላይ «ስፖርታዊ ጨዋነት ይኑረን» ብለው ጻፉ።

ላቀው ፈረሱ ተበላበት። ጥርሱን ነክሶ ቀጠለ።

ትንሽ እንደቆዩ አቶ ወንድይፍራው አንዲት ወታደር ሲያሳድዱ ንግሥታቸውን ሜዳ ላይ ጥለዋት ሄዱ። ላቀው ዓይኑን ማመን አቃተው። በላት። ወዲያው ስልኩ ላይ «ይፈቅዳሉ?» መጣ። አልፈቀደም። ደግሞ መጣ። አልፈቀደም። ደግሞ፣ ደግሞ መጣ፤ ስልኩ እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ።

«ፍቀድና ተገላገል» አለችው አጠገቡ የተቀመጠችው የመዝገብ ቤቷ እንግዳወርቅ። «ንግሥት እንደሁ ነገም ትበላለህ።»

መልስ ሳይሰጣት ደረጃው ላይ የጫማ ኮቴ ተሰማ። በሩ ተበረገደ። አቶ ወንድይፍራው ስልካቸውን እንደ ፊሽካ ጨብጠው ገቡ።

«ላቀው!»

«አቤት!»

«ስልክህ ተበላሽቷል?»

«ኧረ ደህና ነው።»

«ታዲያ ጥያቄዬ አልደረሰህም?»

«ደርሶኛል። የነካ ይጫወታል ብለውን ነበር ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ የነካሁት በስህተት ነው!»

«እኔም ቅድም ፈረሴን የነካሁት በስህተት ነበር።»

«የአንተ ስህተት የችሎታ ነው፤ የእኔ የጣት ነው!» አሉ አለቃው። እንግዳወርቅ ሳል ያፈናት መስላ ፊቷን ፋይል ውስጥ ቀበረች። አቶ ወንድይፍራው አይተዋታል፤ ጭራሽ ደማቸው ፈላ። «ስማ! አሁኑኑ ካልፈቀድክ፣ ነገ ጠዋት እርምጃ እወስድብሃለሁ!»

እርምጃ ሲባል ሁሉም የታየው የአስናቀ ፊት ነው። ላቀው ሚስቱ ትዝ አለችው፤ ጠዋት ጣቱን ጨብጦ አልለቅም ያለው ሕፃንም ትዝ አለው። አውራ ጣቱ «እፈቅዳለሁ» ወደሚለው ቁልፍ ሄደ፤ ሊነካው ምንም አልቀረውም። ከዚያ ቀና ብሎ አለቃውን አያቸው። ዓይናቸው አሁንም ስልካቸው ላይ የተበላችውን ንግሥት ይፈልጋል። ፍርሃቱ ድንገት ለቀቀው።

«ይውሰዱ፣ አቶ ወንድይፍራው» አለ በእርጋታ። «እርስዎ እንደሁ እርምጃ ወስደው ‹መልስልኝ› ሳይሉ ቀርተው አያውቁም።»

መጀመሪያ ሳቁ ያመለጣት እንግዳወርቅ ናት፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። አቶ ወንድይፍራው ሊቆጡ ብለው ተዉት። ላቀውን ቢቀጡት ሠራተኛው ሁሉ ቅጣቱን መቼ «መልስልኝ» ይሉ ይሆን እያለ ሊጠብቅ ነው። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ደረጃውን ወጡ፤ ከፎቅም መሸነፋቸውን የሚገልጽ መልእክት መጣ።

ላቀው በረሃ አልሄደም። ዋንጫውን በበዓሉ ቀን የሰጡት ራሳቸው አቶ ወንድይፍራው ናቸው፤ ፎቶግራፍ አንሺው እስኪጨርስ ድረስም ፈገግ እንዳሉ እጁን ጨብጠውት ቆዩ። ላቀው ለሳምንት ያህል እስክሪብቶ የያዘው በግራ እጁ ነው ይባላል።